መስኮታችን ላይ ስለ ፓስዎርድ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ ላይ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ስክሪን ከማስቀየር ቀጥሎ ሰው ወደ መስኮቴ የሚመጣበት ጉዳይ ፓስዎርድ ነው፦ ጠፋብኝ፣ ተሰረቀብኝ፣ እምቢ አለኝ። ያንኑ መልስ ከጠዋት እስከ ማታ ከምደጋግም አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ የራሴን ጥፋት ይነካል፤ እሱንም አልዘለልኩትም።

ጠንካራ ፓስዎርድ የሚባለው የቱ ነው?

ረጅም የሆነ፣ ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት፣ እርስዎን የሚያውቅ ሰው የማይገምተው።

ብዙ ሰው ሌባው ስልኩን ይዞ በጣቱ እየሞከረ የሚሰብረው ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ችግሩ ቀላል ነበር፤ ጥቂት ጊዜ ከተሳሳተ አካውንቱ ይቆለፍበታል። ትልቁ አደጋ የተመዘገብንበት ድርጅት ራሱ ሲዘረፍ ነው። ሌባው የተመሰጠረውን የፓስዎርድ ዝርዝር በሙሉ ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ ሞከርክ ብሎ የሚቆልፍበት የለም። ምስጠራው ደካማ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ሙከራ ያደርጋል።

"ስልክ ቁጥሬን ነው ያደረግሁት፣ አሥር አሃዝ ነው" የሚሉኝ አሉ። መነሻው 09 ወይም 07 መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የቀሩት ስምንት አሃዞች የሚሰጡት 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ማሽን የአንድ ሰከንድ ሥራ እንኳ አይሆንም። ስምንት ትናንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት በዘፈቀደ ቢደረደሩ ወደ 209 ቢሊዮን አማራጭ ይኖራቸዋል። በሰከንድ 10 ቢሊዮን የሚሞክር ማሽን በ21 ሰከንድ ይጨርሳቸዋል። ፊደላቱን 16 ቢያደርጓቸው ግን ያው ማሽን ሁሉንም ለመሞከር ከ130 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ምልክት አልጨመርንም፣ ትልቅ ፊደል አላስገባንም። አስረዘምነው፣ በቃ።

ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት አስገቡ የሚለውስ?

ይህን ምክር በዓለም ያስፋፋው የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው መመሪያ ነው። የጻፈው ቢል ቡር የሚባል ሰው ሲሆን፣ በ2017 ጡረታ ላይ ሳለ አብዛኛውን በመጻፉ እንደሚጸጸት ለጋዜጣ ተናግሯል። ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን ለወጠው፤ ርዝመትን አስቀደመ፣ የምልክት ግዴታውን ተወ።

ነገሩን ያበላሸው የሰው ጠባይ ነው። ትልቅ ፊደል ሲባል መጀመሪያ ላይ እናደርገዋለን፣ ቁጥር ሲባል መጨረሻ ላይ፣ ምልክት ሲባል ደግሞ "@"። የከተማችንን ስም ጽፎ @123 ያስከተለ ስንት ሰው እዚህ መስኮት ላይ እንዳየሁ ብቆጥር ያስቀኛል። ኮምቦልቻ ያለው የሙያ ባልደረባዬም በእሱ ከተማ ስም ያንኑ እንደሚያይ ነግሮኛል። ባንኩ ያለ ምልክት አልቀበልም ካለ ይጨምሩለት። በምልክቱ ተማምነው ግን አያሳጥሩት።

በአማርኛ ቃላት መሥራት ይቻላል?

እኔ የማስተምረው እንዲያውም ይህንኑ ነው። ዘዴው የዕቁብ ዕጣ ነው።

ወረቀት ቀድደው 100 ያህል ቁራጭ ያዘጋጁ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ የመጣለትን ቃል ይጻፍባቸው፤ ዕቃ፣ እንስሳ፣ ሰፈር፣ ምግብ፣ ምንም ይሁን። ጠቅልለው ባርኔጣ ውስጥ ይጨምሩና ደህና አድርገው ይበጥብጡት። ከዚያ ብቻዎን ሆነው አንድ በአንድ አምስት ያውጡ፤ ያወጡትን ቃል እየመዘገቡ ቁራጩን መልሰው ይጨምሩ። ለዋናው ኢሜይልዎ ከሆነ ሰባት ያድርጉት። ሲጨርሱ ቁራጮቹን ያቃጥሉ፤ 100 ቃል ብዙ ስላልሆነ ዝርዝሩን ሌላ ሰው ካገኘው ዘዴው ይዳከማል።

ለምን በዕጣ? ሰው "ዝም ብዬ መረጥኩት" ሲል ዝም ብሎ አይደለም። ደሴ ያለ ሰው አምስት ቃል ምረጥ ቢባል ከጦሳ ተራራ ይጀምራል። ይህን የተረዳው አርኖልድ ሬንሆልድ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ዳይስዌር የሚባል ዘዴ አውጥቷል፦ 7,776 ቃላት በቁጥር ተዘርዝረዋል፣ ባለ ስድስት ገጽ የመጫወቻ ጠጠር አምስት ጊዜ ሲጣል አንድ ቃል ይወጣል። ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ምስጢሩ ያለው ዕጣው ላይ ነው።

እኔ ለማሳያ ሳወጣ የደረሰኝ "ምጣድ፣ ሐረጎ፣ ጥጥ፣ ቀበሮ፣ ሰኞ" ነው። ቀበሮ ሰኞ ዕለት ምጣድ ሙሉ ጥጥ ተሸክሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣ አስቡት፤ አይረሳም። ይህንኑ እንዳትወስዱት ግን፤ እዚህ ከተጻፈ ወዲያ የአደባባይ ነው።

አንድ ጎረምሳ "እኔ አራት ቃል አለኝ፣ ረጅምም ነው" ብሎ በኩራት አሳየኝ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አይ ልጄ! አራቱ ቅኝቶች እኮ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ በወሎ አገር ስም የተጠሩ። ወሎዬ ሌባ ይህን ለመገመት ቡናው አቦል ላይ እያለ ይጨርሳል። ከዘፈን፣ ከመንዙማ፣ ከጸሎት፣ ከተረት የተቀዳ ነገር ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ ተያይዞ የሚታወቅ ቃል አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

በግዕዝ ፊደል ልጻፈው ወይስ በላቲን?

በላቲን። የግዕዙ ለሌባው ከበድ እንደሚል አልክድም፤ ግን ለባለቤቱም ይከብዳል። "ሰኞ"ን በየትኛው ሰ ጻፍኩት? ሐረጎ በሐመሩ ሐ ነው ወይስ በሃሌታው? ለዓይን አንድ የሚመስለን ለኮምፒውተሩ ሌላ ነው፤ ፓስዎርድ ሲጻፍ ደግሞ በነጠብጣብ ተሸፍኖ ስለሆነ ስህተቱ አይታይም። በዚያ ላይ የሰው ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖር ይችላል፤ አንዳንድ ድረ ገጽም ፊደላችንን አይቀበልም።

በላቲን ሲጽፉም አንድ ነገር ይወስኑ። "ቀ"ን አንዱ በኪው ይጽፋታል፣ ሌላው በኬ። "ኘ"ም እንዲሁ ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አላት። ጠዋት በአንዱ ከፍተው ማታ በሌላው ሲሞክሩ "ተጠለፍኩ" ብለው የሚመጡልኝ ብዙ ናቸው።

የትውልድ ዓመቴን በእኛ አቆጣጠር ፒን ባደርገው ማን ያውቅብኛል?

ጎረቤትዎ። የሞባይል ገንዘብ ለመስረቅ የሚሞክረው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ስልክዎን በእጁ ያገኘ፣ ዕድሜዎን በግምት የሚያውቅ፣ መስከረም ላይ ዓመት የሚቆጥር የአገርዎ ሰው ነው። ባለ አራት አሃዝ ፒን 10,000 አማራጭ አለው፤ ዓመተ ምሕረት ሲያደርጉት ወደ 80 ገደማ ይወርዳል፤ ፊትዎን ላየ ሰው ደግሞ ወደ አሥር። ባለ ስድስት አሃዝ ከሆነም ቀንና ወር ጨምረው የልደት ቀንዎን አያድርጉት፤ መታወቂያዎ ላይ ተጽፏል።

"የእናትዎ ስም ማን ነው?" የሚለው የደህንነት ጥያቄም ከዚሁ ይመደባል። ጥያቄው የእናት ስም ምስጢር ለሆነበት አገር የተዘጋጀ ነው። እዚህ የእናትዎን ስም ዕድሩ በሙሉ ያውቀዋል። መልሱ እውነት መሆን የለበትም፤ "ምጣድ" ብለው ይመልሱና ያስታውሱት።

ፓስዎርዴ ተሰርቆ እንደሆነ እንዴት አጣራለሁ?

ትሮይ ሃንት የሚባል አውስትራሊያዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቋቋመው "ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ" የሚባል ድረ ገጽ አለ። ነጻ ነው። ኢሜይልዎን ሲያስገቡ በየትኞቹ የታወቁ ዝርፊያዎች ውስጥ እንደተገኘ ይዘረዝርልዎታል።

ፓስዎርዱን ራሱን የሚፈትሹበት ክፍልም አለው። "እሱም ይሰርቀኝ ይሆን?" ብሎ መጠርጠር ጤናማ ነው፤ አሠራሩ ግን ይህን አስቦበታል። የጻፉት ፓስዎርድ እዚያው እርስዎ ማሽን ላይ ባለ 40 ፊደልና ቁጥር ወደሆነ ኮድ ይለወጣል። ወደ ድረ ገጹ የሚሄዱት የመጀመሪያዎቹ አምስት ብቻ ናቸው። ድረ ገጹ በእነዚያ አምስት የሚጀምሩትን የተሰረቁ ኮዶች ሁሉ ይልካል፤ ከመካከላቸው የእርስዎ መኖር አለመኖሩን የሚያየው የራስዎ ማሽን ነው። ጎግል ክሮምም ውስጡ ያስቀመጧቸውን ፓስዎርዶች በተቀራራቢ መንገድ ይፈትሽልዎታል።

ሌላ ያገኙት "የፓስዎርድ መፈተሻ" ሁሉ ግን አይታመንም። ታማኝ ቢሆን እንኳ ብዙዎቹ የሚያዩት መልኩን ነው፤ የከተማ ስም ከ@ እና ከዓመተ ምሕረት ጋር ሲያዩ አረንጓዴ ያበራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ የተባለ ኩባንያ ሲዘረፍ 32 ሚሊዮን ፓስዎርድ ሳይመሰጠር ወጣ። ቀዳሚው 123456 ነበር። ያ ዝርዝር እስከ ዛሬ የሌቦች መነሻ ነው፤ ሰው ምን እንደሚያስብ ያሳያቸዋላ።

ለሁሉም አንዱን ብጠቀምስ? ሃያ ፓስዎርድ ማን ይሸከማል?

ማንም አይሸከምም። ግን የቤቱም፣ የሱቁም፣ የሳጥኑም ቁልፍ አንድ ከሆነ ሌባው አንዴ ካገኘው ሦስቱንም ይዞርበታል። የተሰረቀን ኢሜይልና ፓስዎርድ በመቶ ድረ ገጽ ላይ የሚሞክር ፕሮግራም አለ፤ ሰው አይደክምበትም።

የማልደራደርበት ኢሜይል ላይ ነው። የሌላው ሁሉ "ፓስዎርድ ረሳሁ" የሚለው መልእክት የሚመጣው እዚያ ነው። ኢሜይልዎን የያዘ ፌስቡክዎንም፣ የሥራ ማመልከቻዎንም ይዟል።

ለቀሪው የፓስዎርድ ማስቀመጫ ፕሮግራም ይጠቀሙ። ቢትዋርደን ነጻ ነው፣ ኪፓስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የጎግሉ አንድሮይድ ስልክዎ ላይ ተጭኖ ይመጣል። አንድ ጠንካራ ፓስዎርድ ብቻ ይይዛሉ፣ ሌላውን እሱ ይፈጥርልዎታል። ይህ የሚከብዳቸው ትልልቅ ሰዎች ካሉ ወረቀት ላይ ጽፈው ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጡ አልቃወምም። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሌባ የእርስዎን ሳጥን አይከፍትም። የስልክ ሽፋን ውስጥ አጥፎ ማስቀመጥ ግን ጉድ ነው፤ ስልኩን ስከፍት ወረቀቱ እግሬ ላይ የወደቀበት ጊዜ አለ።

አካውንቱን የከፈተልኝ ሞባይል ቤት ያለ ልጅ ነው። ችግር አለው?

አለው። ይህን የምመልሰው እንደ ጥፋተኛ ሆኜ ነው።

ሥራ ስጀምር ለደንበኛ ኢሜይልና ፌስቡክ የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ፓስዎርዱ የሰውየው ስምና 1234። ነገ ረስቶ ሲመጣ እንዳልቸገር ደብተር ላይ እመዘግበው ነበር፦ ስም፣ ስልክ፣ ፓስዎርድ። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው ቁልፍ የለውም። አንድ ቀን ለልምምድ የመጣ ልጅ ብሎን ሲፈልግ ደብተሩን ገለጠና "ውይ፣ ይቺ እኮ የሰፈራችን ልጅ ናት" አለ፤ ጣቱ ፓስዎርዷ ላይ ነበር። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ማታ ከሰል ላይ አቃጠልኩት። ደብተሩ ቢቃጠልም ፓስዎርዶቹ አልተቀየሩም፤ እስካሁን ስምና 1234 ሆነው የሚመጡ አሉ፤ በራሴ እጅ የከፈትኳቸው።

ስለዚህ አካውንትዎን ሌላ ሰው ከፍቶልዎት ከሆነ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ያድርጉ። ፓስዎርዱን ይቀይሩ። ቀጥሎ ማስመለሻ ተብሎ የተመዘገበውን ስልክና ኢሜይል ይዩ፤ የባለሱቁ ቁጥር ሆኖ ካገኙት አይደንግጡ፣ ለፍጥነት ብለን እናደርገው ነበር፤ በራስዎ ይተኩት። ይህ ካልተለወጠ ፓስዎርድ መቀየር በር ዘግቶ መስኮት እንደ መክፈት ነው። በመጨረሻም ቅንብር (ሴቲንግ) ውስጥ ገብተው አካውንቱ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝር ያውጡና የማያውቁትን ያስወጡ። ጎግልም፣ ፌስቡክም፣ ቴሌግራምም ይህ ዝርዝር አላቸው።

በስልክ የሚመጣ ኮድ ካለ ፓስዎርዱ ምን ያደርጋል?

ሁለቱ ሁለት መቀርቀሪያ ናቸው። ቴሌግራም ካልነገሩት በቀር የሚከፈተው በኮዱ ብቻ ነው፤ ኮዱን ለሰው ካነበቡ አለቀ። ቅንብሩ ውስጥ "ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ" የሚለውን ከፍተው ፓስዎርድ ይጨምሩበት። ያኔ ኮዱ ቢወጣም በሩ አይከፈትም። "ወንድሜ ትንሽ ብር ላክልኝ" የሚል መልእክት ከወዳጅዎ ከመጣ ደግሞ የእሱ አካውንት ተጠልፎ ሊሆን ስለሚችል ደውለው ድምፁን ይስሙ።

"ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የሚመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ" የሚል ሰው ከቴሌ አይደለም። ሰላምታው ያማረ፣ አንደበቱ የተቆጠበ ቢሆንም። ይዝጉት፤ ነውር የለውም።

ኮዱ በኤስኤምኤስ ሳይሆን በማረጋገጫ አፕ ቢሆን እመርጣለሁ። አፑ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ቁጥር ይሰጣል፤ ኔትወርክ አይፈልግም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ከደሴና ከኮምቦልቻ የወጣ ሰው ይህ ለምን እንደሚጠቅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሲሙ ወይም ስልኩ የጠፋበት ሰው ኮዱ ወደሌለ ስልክ እየሄደ ከኢሜይሉ ውጭ ቀርቷል። ለእንዲህ ያለው ቀን ጎግል ስምንት ስምንት አሃዝ ያላቸው 10 መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። አትመው ወይም በእጅ ገልብጠው ከትምህርት ማስረጃዎ ጋር ያኑሯቸው።

አንድ የእኛ አገር ነገር ልጨምር። አፑ ቁጥሩን የሚያሰላው ከስልኩ ሰዓት ተነሥቶ ነው። ስልኩን በእጅ ወደ ሐበሻ ሰዓት የመለሱት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን 3:00 እንዲል ያደረጉት፣ ስድስት ሰዓት ስለሚዛነፍ ኮዱ እምቢ ሊላቸው ይችላል። አብሽሩ፣ አልተጠለፋችሁም። ሰዓቱን "በራሱ ይስተካከል" ላይ ይመልሱት።

ልጄ ጂዳ ነው፤ ኢሞውን የከፈተልኝ እሱ ነው። ፓስዎርዱን እሱ ቢይዘውስ?

እማማ፣ የሚያምኑት ልጅዎ ቢያውቀው ክፋት የለውም። ግን እሱ ዘንድ ብቻ አይሁን፤ እሱ ሥራ ላይ ሆኖ ስልክ ባያነሣ እርስዎ ምን ያደርጋሉ? በፖስታ ታሽጎ ቤት ውስጥ አንድ ይቀመጥ። ገንዘብ የሚያወጣው ፒን ግን የእርስዎ ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ "እኔ ልጻፍልዎት" ለሚል ትሁት ልጅ አይንገሩ፤ ያ ልጅ እኔ ብሆን እንኳ።

ስልኬን ለጥገና ስተወው ፓተርኑን ልንገርህ?

ስክሪንና ባትሪ ለመቀየር አያስፈልገኝም። ሥራው ሲያልቅ መጥተው ራስዎ ከፍተው ይሞክሩት። ሶፍትዌሩ ከሆነ የተበላሸው፣ ከጎኔ ተቀምጠው እርስዎ ይክፈቱ። የግድ ትተው መሄድ ካለብዎት ለዚያ ቀን ብቻ ይቀይሩትና ሲመለሱ ሌላ ያድርጉ።

በነገራችን ላይ ዘጠኝ ነጥብ ባለው ፓተርን 389,112 ዓይነት መስመር መሣል ይቻላል። ሰው ግን ከላይኛው ማዕዘን ይጀምርና አንድ ፊደል ጽፎ ይጨርሳል። የጣት ወዙ ደግሞ መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ ስልኩን ወደ ብርሃን ዘንበል ሳደርገው መንገዱ ይታየኛል። ስድስት አሃዝ ቁጥር ይሻላል።

በየስንት ጊዜው ልቀይረው?

ያለ ምክንያት አይቀይሩት። በየሦስት ወሩ ቀይር የተባለ ሰው የሚያደርገው መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 መለወጥ ነው። ሌላ ሰው ካወቀው፣ ዝርፊያ ውስጥ ከተገኘ፣ ወይም የሰው ኮምፒውተር ላይ ሳይወጡ ትተውት ከሄዱ ያን ዕለት ይቀይሩ።

ረሳሁት፤ ክፈትልኝ?

እኔ የምከፍትበት የተለየ ቁልፍ የለኝም። "አለኝ" የሚልዎት ካለ ገንዘብዎን ይዘው ዘወር ይበሉ።

መንገዱ ይህ ነው። ሲም ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ መጀመሪያ መታወቂያዎን ይዘው ወደ ኦፕሬተርዎ ሱቅ ሄደው ያንኑ ቁጥር ያስወጡ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቆመው፤ ሲሙ የወጣው በአጎት ወይም በቀድሞ አሠሪ ስም ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ባለስሙን ይዘው ይሂዱ፣ በዚያው አጋጣሚም ወደ ስምዎ ያዛውሩት። ቁጥሩ ከተመለሰ በኋላ ሁልጊዜ በሚጠቀሙበት ስልክ፣ ከቤትዎ ሆነው፣ ኢሜይሉ ላይ "ፓስዎርድ ረሳሁ" የሚለውን ይጫኑ፤ የለመደው ስልክና ቦታ ሲሆን ጎግል ቶሎ ያምንዎታል። ኢሜይሉ ከተከፈተ ሌላው በእሱ በኩል ይከፈታል።

ብቻዬን አልችልም ካሉ ይምጡ፤ የትኛውን እንደሚጫኑ አሳይዎታለሁ። አዲሱን ፓስዎርድ ሲጽፉ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞራለሁ።